የተራቆተ የጋራ ጥብቅ ቦታን በአገር በቀል ዕፅዋት መመለስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ቦታችን ተራቁቷል። መጀመሪያ ምን እንትከል?

ምንም። መጀመሪያ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቁትና አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት እዩት። አፈሩ ውስጥ የተኛ ዘር ሊኖር ይችላል። የተቆረጠ ዛፍም ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል። ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ኒጀር ውስጥ የሚተክላቸው ችግኞች አብዛኞቹ እየደረቁበት ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ነው ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ የሚመስለው ነገር የተቆረጠ ዛፍ መሆኑን ያስተዋለው። ከዚያ ገበሬዎች ጠንካራውን ቀንበጥ እያስቀሩ፣ ሌላውን እየገረዙ ዛፉን መለሱት። እኔ ይህን ታሪክ ለጀማሪ ሁሉ እነግራለሁ፤ ብዙዎቻችን ችግኝ ለመትከል ስንቸኩል እግራችን ሥር ያለውን እንረግጣለንና።

ጥያቄ፦ የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ) ወርሮናል። በአንድ ዘመቻ ብንመነጥረውስ?

እባካችሁ ዘመቻውን ተዉት። ባዶ የቀረ አፈር ብርሃን ሲያገኝ ቀድሞ የሚበቅልበት አረም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲድኒ ውስጥ ጆአን እና አይሊን ብራድሊ የተባሉ እህትማማቾች ሥራውን ገልብጠው ጀመሩት። ብዙም ካልተጎዳው ጥግ ተነስተው፣ አገር በቀሉ ቦታውን በያዘ መጠን ብቻ ወደ ባሰው ክፍል ገፉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ከነሥሩ ንቀሉት፣ ፍሬ ሳይዝ ቢሆን ይመረጣል። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየቦታው ይጥሉታል።

ጥያቄ፦ ዘር ከየት እናምጣ?

ከቅርብ፣ ተመሳሳይ አፈርና ከፍታ ካለበት። ከአንድ ዛፍ ብቻ ከለቀማችሁ ችግኞቹ ሁሉ ወንድምና እህት ይሆናሉ። ስለዚህ ከብዙ እናት ዛፎች ጥቂት ጥቂት ሰብስቡ። እኔ ከአንዱ ዛፍ ፍሬ ከአምስት እጅ አንዱን አላልፍም፤ ቀሪው ለወፉም ለመሬቱም ነው። የግራር ዓይነት ቅርፊቱ ጠንካራ ዘር ከሆነ ከእሳት በወረደ ትኩስ ውሃ ውስጥ አሳድሩት።

ጥያቄ፦ እሾሃማውን ቁጥቋጦ እንቁረጥ?

አገር በቀል ከሆነ አትንኩት! ጥላ ይሰጣል፣ ከብት ያርቃል። ችግኙን ከቁጥቋጦው ሥር ትከሉት።

ጥያቄ፦ ቶሎ የሚያድግ መጤ ዛፍ ብንቀላቅልስ?

ለማገዶ ከፈለጋችሁት ለብቻው፣ ከጥብቅ ቦታው ውጭ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለተከላ ሰው ይጎርፋል፣ ከዚያ ዝር የሚል የለም። ምን ይሻላል?

የተከላውን ቀን ከመወሰናችሁ በፊት አረም የምትነቅሉባቸውን ቀናት ወስኑ። ችግኝ በብዛት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ደረቅ ወራት ነው፤ በሁለተኛው ዓመትም ሣር ይውጠዋል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አሥር ችግኝ አካፍሉና ለሦስት ዓመት ይከታተል። አሥሩን መንከባከብ የማይችል፣ አምስት ይውሰድ።