ረቡዕ እኩለ ቀን፦ አዲስ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በምን ይመዘናል?

የእንግሊዝ ፓርላማን የሚከታተሉ አንባቢዎች ስለ ሳምንታዊው የጠቅላይ ሚኒስትር ጥያቄና መልስ ከላኳቸው ጥያቄዎች ውስጥ ስድስቱን መርጠናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለማየት ስንት ሰዓት ልክፈት? ስንት ጥያቄስ ይቀርባል?

ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ካልሆነ ዘወትር ረቡዕ፣ ለንደን ላይ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ላይ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግድም ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። 30 ደቂቃ ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የተቃዋሚው መሪ 6፣ የሦስተኛው ትልቅ ፓርቲ መሪ 2 ጥያቄ አላቸው። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ ሁለቱን ጥያቄ የወሰዱት 72 መቀመጫ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች ናቸው። ከሌሎቹ ጠያቂዎች ብዙዎቹ በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕጣ ያልደረሰው ብድግ ቁጭ እያለ የአፈ ጉባኤውን ዓይን ይጠብቃል።

ጥያቄዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስቀድመው ያገኟቸዋል?

አብዛኞቹን አያገኟቸውም። በወረቀት ሰፍሮ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ “የዛሬ ፕሮግራምዎ ምንድን ነው?” የሚል ባዶ ጥያቄ ነው። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከሚኒስትሮችና ከሌሎች ጋር ስብሰባ ነበረኝ፣ ከሰዓትም ይኖረኛል። ዋናው ጥያቄ ከዚያ አስከትሎ ይመጣል፤ ስለ ሆስፒታል ወረፋም ሆነ ስለ አንድ መንደር ድልድይ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ባለው ሳጥን ላይ የምትዘረጋው፣ በየርዕሱ ምልክት የተለጠፈባት ወፍራም ማህደር ለዚሁ የተዘጋጀች ናት። አዲስ ሰው ገጽ ሲያገላብጥ ጊዜ ከወሰደ፣ ዝግጅቱ ገና እንዳልሰመረ ይታወቃል።

እኛ አገር የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ጥያቄ በአንድ ላይ ይቀርብና በረጅም ንግግር ይመለሳል። በዚያ አሠራር አስቸጋሪው ጥያቄ ከብዙዎቹ መሃል ሹልክ ማለት ይችላል። ለንደን ላይ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ እዚያው መልስ ይጠበቅበታል፤ የሸሸም ሲሸሽ ይታያል።

በስድስቱ ጥያቄ ማን እንደረታ እንዴት ልለይ? እኔ ጩኸቱን ብቻ ነው የምሰማው።

ጩኸቱን ይተዉት፤ ከኋላ የሚጮኸው የራስ ወገን ነው። በተለይ የስድስተኛውን መልስ አይመኑ። ከዚያ በኋላ የተቃዋሚው መሪ መልሶ የመናገር ተራ የለውም፤ ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተሰናዳ ስድባቸውን ለዚያች ደቂቃ ያቆዩታል። ማታ ዜና ላይ የሚደጋገመው ቁራጭም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሚዛኑ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለእነሱ ማጥመጃ ነው፤ አጭርና “አዎ” ወይም “አይደለም” ለመባል የተበጀ። ልምድ ያላት ሰው በጥንቃቄ ትመልሳለች፤ ልምድ የሌላት ቃል ትገባለች። ኦክቶበር 12 ቀን 2022 ያኔ የተቃዋሚው መሪ የነበሩት ኪር ስታርመር ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስን “የመንግሥት ወጪ አልቀንስም ያሉትን ያከብራሉ?” ብለው ጠየቁ። የትረስ መልስ በአንዲት ቃል ጀመረ፦ “በእርግጠኝነት”። ከሁለት ቀን በኋላ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን አሰናብተው፣ ወጪ ከታቀደው ባነሰ ፍጥነት እንደሚያድግ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። በጊዜው አዳራሹ ውስጥ ያቺ ቃል ቆራጥነት መስላ ነበር።

ስለዚህ ብዕር ይዘው ይቀመጡ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ መለሱ? ቁጥር ጠሩ? አዲስ ቃል ገቡ? በማግሥቱ ሃንሳርድ ከተሰኘው የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጋር ያመሳክሩት። ድምፁ ሲቀር ከመልሱ ምን እንደቀረ ያኔ ይታያል።

የመጀመሪያው ቀን ብቻውን ምን ይነግረናል?

ጥቂት። ስታርመር ጁላይ 24 ቀን 2024 ሲጀምሩ ፊት ለፊታቸው የነበሩት በምርጫ የተሸነፉት ሪሺ ሱናክ ናቸው፤ ስለ ዩክሬን በጨዋ ቋንቋ ተነጋግረው ተለያዩ። የዚያን ሳምንት እውነተኛ ዜና በዋዜማው ነበር፤ በሁለት ልጅ የተገደበው ድጎማ ላይ መንግሥትን ተቃውመው ድምፅ የሰጡ 7 የስታርመር ፓርቲ፣ የሌበር፣ አባላት ከፓርላማ ቡድኑ ታግደዋል። ትረስም በመጀመሪያ ቀናቸው በኃይል ኩባንያዎች ትርፍ ላይ ተጨማሪ ግብር እንደማይፈልጉ በቀጥታ ተናግረው ስለ ግልጽነታቸው ተመስግነዋል። በ2 ወር ውስጥ ከሥልጣን ወጡ።

የጎርደን ብራውን ግን ይጠቅመናል። ጁላይ 4 ቀን 2007 የተቃዋሚው መሪ ዴቪድ ካሜሮን ሒዝቡት ታሕሪር የተባለው እስላማዊ ድርጅት ለምን እንዳልታገደ ሲያፋጥጧቸው፣ ሥራ ከጀመሩ ገና አምስት ቀናቸው መሆኑን ተናገሩ። የ10 ዓመት የገንዘብ ሚኒስትር እንዲህ ሲል አያምርበትም። ድንገተኛ ጥያቄ ሲመጣባቸው እንደሚደናገሩ ያን ዕለት ታይቷል፤ በኋላም ይህ ድክመት አልለቀቃቸውም።

ከመሪዎቹ ሌላ የሚጠይቁትን ማየት ትርፍ አለው?

እኔ እንደሚመስለኝ ከስድስቱም ይበልጣል። ኦክቶበር 26 ቀን 2022፣ ሱናክ በጀመሩበት ቀን፣ የአረንጓዴ ፓርቲ ብቸኛ ተወካይ የነበሩት ካሮላይን ሉካስ ድንጋይ በውኃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ የማውጣቱን እገዳ ይመልሱ እንደሆን ጠየቁ። ሱናክ በፓርቲያቸው የምርጫ ሰነድ እንደሚጸኑ መለሱ። ትረስ ያነሱት እገዳ በዚያች ዓረፍተ ነገር ተመለሰ። ብዙ ተመልካች ግን የመሪዎቹ ፍልሚያ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል።

ሐሰት ቢናገሩስ? አፈ ጉባኤው ለምን አያስቆማቸውም?

የመልሱን እውነትነት መመርመር የአፈ ጉባኤው ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም አንዱ አባል ሌላውን “ውሸታም” ቢል የሚቀጣው ተሳዳቢው ነው። የተሳሳተ ሚኒስትር ቃለ ጉባኤውን ማረም አለበት፤ እያወቀ ያሳሳተ ደግሞ በሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት መልቀቂያ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ቦሪስ ጆንሰን በዲሴምበር 2021 በዚሁ የረቡዕ ሰዓት ስለ ኮሮና ዘመን ግብዣዎች የሰጧቸው መልሶች በልዩ መብቶች ኮሚቴው ተመርምረው፣ በጁን 2023 ምክር ቤቱን አሳስተዋል ተብሏል። ስለዚህ አዲሱ ሰው በወሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ቃላቸውን እንዳረሙ ይቁጠሩ። ፈጥኖ ማረም በጎ ምልክት ነው፤ ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለው ረቡዕ መድገም ግን አይደለም።