የሚያብብ ግን የማያፈራ የሆሊ ዛፍ

ጥያቄ፦ በበጎቼ ግጦሽ ዳር ለአጥር የተከልኳቸው ሦስት የሆሊ ዛፎች አሉኝ። በየዓመቱ ያብባሉ፤ ቀይ ፍሬያቸውን ግን አይቼው አላውቅም። ጎረቤቶቼ ፖታሽ ያለበት ማዳበሪያ እንድጨምር ይመክሩኛል። ከታች ያሉት ቅጠሎች እሾሃም፣ ከላይ ያሉት ግን ለስላሳ መሆናቸውም ግራ አጋብቶኛል፤ ሁለት ዓይነት ዛፍ ተቀላቅሎ ይሆን? በብርዱ ወራት መኖ ሲያጥረኝ ቅርንጫፉን ቆርጬ ለበጎቹ ብሰጥስ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት የዛፎችዎን ጾታ ይወቁ። በሳይንሳዊ ስሙ ኢሌክስ አኩዊፎሊየም የሚባለው ይህ ዛፍ፣ እንደ ቴምር ሁሉ፣ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኝ ተክል ነው። ሁለቱም ያብባሉ፤ የሚያፈራው ግን ሴቴው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚያፈራው የወንዴው የአበባ ብናኝ ሲደርሰው ነው። ስለዚህ እያበበ ፈጽሞ የማያፈራ ዛፍ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የምግብ እጥረትን አይደለም። ምግብ ያነሰው ዛፍ ፍሬው ይቀንሳል፤ ጤነኛ የሆነ ዛፍ ለዓመታት አንዲት ፍሬ እንኳ አለመያዙ ግን፣ ወይ ሦስቱም ወንዴ ናቸው፣ ወይም ሦስቱም ሴቴ ሆነው በአቅራቢያቸው ወንዴ የለም ወደሚል ግምት ይመራል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት አበባው ራሱ ነው። አበባው በግንቦትና በሰኔ ግድም በቅጠሉና በቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ በእቅፍ በእቅፍ ይወጣል፤ አንዱ አበባ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ማጉያ መነጽር ቢይዙ ይመረጣል። በሁለቱም ጾታዎች ላይ ከሥራቸው የተያያዙ አራት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች ያያሉ። ልዩነቱ ከመሃል ነው። በወንዴው አበባ ላይ አራት ዘንጎች ቀጥ ብለው ቆመው ጫፋቸው ቢጫ ብናኝ ይሸከማል፤ በጣትዎ ሲነኩት ቢጫው ይቀባዎታል። በሴቴው አበባ ላይ ደግሞ መሃሉን የሚሞላው አረንጓዴ ድብልብል ነገር ነው፤ ፍሬ የሚሆነውም እርሱ ነው፤ አናቱ ላይ ብናኙን የሚቀበል ጠፍጣፋ ክፍል ተቀምጦበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሴቴዋም በዙሪያዋ አራት ቀጫጭን ዘንጎች ስላሏት ነው። እነዚህ ዘንጎች ብናኝ የሌላቸው ባዶዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘንግ መኖሩን ብቻ አይተው ወንዴ ነው ብለው አይፍረዱ፤ አረንጓዴውን ድብልብል ይፈልጉ። ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ከተለያየ አቅጣጫ ጥቂት አበባዎችን ቀጥፈው ቢያስተያዩ ጥርጣሬው ይወገዳል።

ሦስቱም ወንዴ ሆነው ከተገኙ የትኛውም ማዳበሪያ አያፈራቸውም፤ መፍትሔው ሴቴ መትከል ነው። ሴቴ ከሆኑ ግን አንድ ወንዴ ለበርካታ ሴቴዎች ይበቃልና ንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ በሚመላለሱበት ቅርበት አንድ ወንዴ ይጨምሩ። ብናኙን የሚያጓጉዙት በዋናነት ንቦችና ሌሎች በራሪ ነፍሳት በመሆናቸው፣ በአበባው ሰሞን ብርድና ዝናብ ሲበረታ ወይም የዘገየ ውርጭ አበባውን ሲመታው ጥንዱ ቢሟላም ፍሬው ሊሳሳ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት። አጥሩን በየዓመቱ አጥብቆ መግረዝም ፍሬን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም አበባው በብዛት የሚወጣው ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ መቀሱ የሚጥለው የመጪውን ዓመት አበባ ነው። የእርስዎ ዛፎች በየዓመቱ የሚያብቡ ከሆነ ግን ዋናው ችግር መግረዙ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ተጨማሪውን ዛፍ ከዘር ለማብቀል አያስቡ። አንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጠንካራ ዘሮች ይይዛል፤ ነገር ግን ፍሬው ሲበስል በዘሩ ውስጥ ያለው ፅንስ ገና ያልጎለመሰ በመሆኑ፣ ከአፈር ገብቶ እስከ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው የጸደይ ወቅት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ከበቀለ በኋላም እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይታወቅም፤ ይህም ተጨማሪ ዓመታትን ያስጠብቃል። ጾታው ከታወቀ ዛፍ በሞቃቱ ወቅት ማብቂያ ላይ የዓመቱን እድገት ቆርጦ ሥር ማስያዝ የተሻለ ነው፤ ቁራጩ የእናቱን ጾታ ሳይለውጥ ይዞ ያድጋል። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዙ ከሆነም በዝርያው ስም አይታለሉ፤ ማን እንዳወጣው እንጃ እንጂ፣ ጎልደን ኪንግ የሚባለው ዝርያ ሴቴ ሲሆን ጎልደን ኵዊን የሚባለው ደግሞ ወንዴ ነው። ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ላለው ሰው የምመክረው ጄ. ሲ. ቫን ቶል የተባለውን ዝርያ ነው፤ ያለ ወንዴ ያፈራል፣ እሾሁም ጥቂት ነው።

ወደ ቅጠሉ ስንመጣ፣ የተቀላቀለ ዛፍ የለም፤ አንድ ዛፍ ሁለቱንም ዓይነት ቅጠል ያወጣል። እንስሳት በሚደርሱበት ከፍታ ያሉት ቅጠሎች ብዙውን ጊዜ ዳር ዳራቸው እሾሃም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያሉት ግን ጫፋቸው ላይ ካለችው አንዲት ሹል በቀር ጠርዛቸው ለስላሳ ነው። ካርሎስ ሄሬራና ፒላር ባዛጋ የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ምሥራቅ ስፔን የሚገኙ ዛፎችን አጥንተው፣ አጥቢ እንስሳት የበሏቸው ዛፎች እሾሃም ቅጠል በብዛት እንደሚያወጡ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን በበቀሉት እሾሃምና ለስላሳ ቅጠሎች መካከልም በዲኤንኤው ላይ በሚያርፈው ኬሚካላዊ ምልክት ብዛት ልዩነት መኖሩን አሳይተዋል። የዘር መልእክቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት በጎችዎ የአጥሩን ግርጌ መቀንጠባቸው ለሚያዩት እሾህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ደጋግሞ መግረዝም ተመሳሳይ ውጤት አለው።

በጎቹን በሚመለከት፣ ሆሊ ለመኖነት አዲስ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ደጋማ አካባቢዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ገበሬዎች በብርዱ ወራት ቅርንጫፉን እየቆረጡ ለበግና ለከብት ይሰጡ ነበር፤ የሚመረጠውም እሾህ የሌለው የላይኛው ክፍል ነበር። እርስዎም ከላይ የተቆረጠውን በመጠኑ፣ ከድርቆሽ ጋር ተጨማሪ አድርገው ቢሰጧቸው እደግፋለሁ፤ ብቸኛ መኖ ግን አያድርጉት። ፍሬው ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ሰው ሲበላው ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላልና፣ ዛፎቹ ማፍራት ሲጀምሩ ሕፃናትን ይጠብቁ። ከአንድ ዛፍ ላይ ብዙ አይቁረጡ፤ የሆሊ ቅጠል ለተከታታይ ዓመታት በዛፉ ላይ የሚቆይ በመሆኑ፣ የተራቆተ ዛፍ በአንድ ወቅት የሚያገግም አይደለም። ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ፣ የተራቡ በጎች ዙሪያውን ከላጡት ዛፉ ይሞታል፤ ስለዚህ የወጣት ዛፎችን ግንድ በሽቦ መረብ ይከልሉ።

ምናልባት በቅጠሎቹ ላይ የገረጣ ወይም ቡናማ የሆነ እንደ ቋቁቻ ያለ ነጠብጣብ ካዩ፣ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል እየበላ የሚኖር የአንዲት ትንሽ ዝንብ ትል የሠራው ነው። መልክ ያበላሻል እንጂ ለፍሬው መጥፋት ምክንያት አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት መርጨት አያስፈልግዎትም።

አዲሱን ችግኝ ሲመርጡ ትንሹን ይምረጡ፤ ሆሊ ሥሩ ሲነካበት አይወድምና ያደገ ዛፍ ነቅሎ መትከል ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። አፈሩ ገና ሳይቀዘቅዝ በመስከረምና በጥቅምት፣ አለበለዚያም ከባዱ ብርድ ካለፈ በኋላ ይትከሉት። ጥላ ይችላል፤ ነገር ግን ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ የተሻለ ያፈራል። ውኃ የሚተኛበትን የግጦሹን ዝቅተኛ ጥግ ግን ይተዉት።