ሳይጠሩት ስለሚመጣ ትዝታ፦ ለወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ወደዚህ ጥናት የምትገቡት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ነው። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ በሥራ ወይም በጨዋታ መሀል፣ ያ ምስል ድንገት ፊቱ ላይ ድቅን የሚልበት ለምንድን ነው? ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ስለ ትንሿ ክፍሉ፣ ስለ ቆጠራው ነው። ምን እንደምትቆጥሩ አጥርታችሁ ካላወቃችሁ መሣሪያችሁ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ዋጋ የለውም።

ሆን ብለን ማንንም ለአደጋ ማጋለጥ አንችልም። ስለዚህ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን የሚረብሹ የፊልም ቁርጥራጮች እናሳያቸዋለን፤ ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ የትኛው ትዕይንት ስንት ጊዜ ሳይጠሩት እንደመጣባቸው በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ባልደረቦቹ የሚዘገንን ፊልም እያሳዩ የሰውነትን ምላሽ ይለኩ ነበር፤ ፊልሙ ያው ሆኖ ትረካው ሲለወጥ ምላሹም እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ማርዲ ሆሮዊትዝ ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተመልሶ የሚመጣውን ሐሳብ አጠና። ሆስፒታል የመጣ ሰው ከአደጋው በፊት እንዴት እንደነበረ አታውቁም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን የፊቱንም የኋላውንም ታያላችሁ። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ቢሆንም ፊልም ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በሥራ ግዴታ ካልሆነ በቀር በስክሪን የታየን ነገር ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ሕመም፣ ለፒቲኤስዲ፣ መነሻ አድርጎ አይቀበልም። «በሽታውን በላቦራቶሪ ፈጠርነው» ለሚል ሰው ጆሮ አትስጡ።

ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያዟዟሩ የሚገጣጥሙበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የቴትሪስ፣ ወሬ ብዙዎቻችሁን እንደሳበ አውቃለሁ። ኤሚሊ ሆምስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ፊልሙን አይተው ከ30 ደቂቃ በኋላ ለ10 ደቂቃ ቴትሪስ የተጫወቱት ሰዎች በሳምንቱ ውስጥ የመጣባቸው ምስል ካልተጫወቱት ያነሰ ነበር። እኔን የገረመኝ ብዙ ያልተወራለት ክፍሉ ነው፤ ስለ ፊልሙ ሲጠየቁ ሁለቱም ቡድኖች እኩል ያስታውሱ ነበር። ትዝታው አልጠፋም፤ የቀነሰው ሳይጠሩት መምጣቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጥናት በቴትሪስ ፈንታ በጥያቄና መልስ ውድድር የተጠመዱት ጥቅም አላገኙም፤ እንዲያውም በአንዱ ሙከራ ምስሉ በዛባቸው። ስለዚህ ማዘናጋት ብቻውን አይበቃም። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ምስልን የሚይዘው የአጭር ጊዜ ትውስታ አቅሙ ውስን ስለሆነ ጨዋታው ሲሻማው የፊልሙ ምስል እንደ ልቡ አይጠናከርም። በ2015 ደግሞ ፊልሙ ከታየ ከአንድ ቀን በኋላ ትዝታውን ቀስቅሶ ቴትሪስ ማጫወት ሠራ፤ መቀስቀስ ብቻውን ወይም ጨዋታ ብቻውን ግን አልሠራም። በ2017 የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 71 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት የተጫዋቾቹ ትዝታ ቀንሶ ታየ። ሁሉም ላቦራቶሪ ግን ያንኑ ውጤት አላገኘም፤ ማብራሪያውም እስካሁን ያከራክራል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ፤ ወጣቶች የሚንቁት እሱን ነውና። ለተሳታፊው ልዩነቱን በምሳሌ አስረዱት። ጓደኛው ስለ ፊልሙ ጠይቆት ቢያስታውስ አይቆጠርም። ራሱ «ያ ትዕይንት እንዴት ነበር?» ብሎ ቢያስበውም አይቆጠርም። እጁን እየታጠበ ሳለ ግጭቱ በዓይነ ሕሊናው ድንገት ብቅ ካለ ይቆጠራል። ምስል ነበር ወይስ ሐሳብ ብቻ? የትኛው ትዕይንት? በሁለት መስመር ይጻፈው፤ ያለዚያ ከፊልሙ የመጣውን ከገዛ ሕይወቱ ከመጣው አትለዩትም። ምንም ባልመጣበት ቀን ዜሮ ይጻፍ። ገጹን ባዶ ከተወው ትዝታው ሳይመጣ ቀርቶ ይሁን መጻፉን ረስቶ በኋላ ማንም አይነግራችሁም። ጽሑፉን ከትዕይንቱ ጋር የሚያመሳክረው ባልደረባ የተሳታፊውን ቡድን አይወቅ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጨዋታው ምን ያመጣል ብለህ ጠብቀህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለበት፤ እናንተን ደስ ለማሰኘት ቁጥሩን ሊያስተካክል ይችላል።

የሚመላለሰው ትዕይንት የግድ አስከፊው ነው ብላችሁም አትነሡ። አንኬ ኤለርስና ባልደረቦቿ በእውነት አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች አጥንተው እንዳመለከቱት፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ከአስከፊው ቅጽበት በፊት የታየው ምልክት ነው፤ ለምሳሌ ሊጋጭ እየቀረበ ያለ መኪና መብራት።

የተሳታፊዎቹን አያያዝ በተመለከተ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚጠይቃችሁን ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። የፊልሙን ይዘት ግን ሳታለሳልሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ተነሥቶ መሄድ የፈለገ ምክንያት ሳይጠየቅ ይሂድ፤ በሳምንቱ ውስጥ የሚያነሣ ሰው ያለበት ስልክ ቁጥርም ስጧቸው። ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ረዳቶቻችሁን ነው። ተሳታፊው ፊልሙን አንዴ አይቶ ይሄዳል፤ ረዳቱ ግን ወሩን ሙሉ ሲሰማው ይከርማል። ከእነሱ አንዳንዱ ይደነዝዛል፣ አንዳንዱ ይዞት ቤቱ ይገባል። አፈራርቋቸው፤ ፊልሙ ሲታይ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጡ፤ በቃኝ ያለውንም እንደ ተሳታፊው ሁሉ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ወደ ሌላ ሥራ አዛውሩት።