ከአውሮፓ ፈረስ ገዝቶ አሜሪካ ማስገባት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ከአውሮፓ ፈረስ ለማስመጣት ያሰባችሁ አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ብዙ ጠይቃችሁኛል። ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኔዘርላንድስ ያለ ፈረስ በቪዲዮ አይቼ ልቤ ሄዷል። ሻጩ ቀብድ ላክ ይለኛል። ልላክ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። አሜሪካ ሲደርስ ደም ተቀድቶ ለአራት በሽታዎች ይመረመራል፤ ለዱሪን፣ ለግላንደርስ፣ ለፈረስ ተላላፊ የደም ማነስና ለፓይሮፕላዝሞሲስ። ሰውን የሚያስለቅሰው የመጨረሻው ነው። በመዥገር የሚተላለፍ የደም በሽታ ሲሆን ፈረሱ ጤነኛ መስሎ ለዓመታት ይሸከመዋል። ከተገኘበት መግባት አይፈቀድለትም። መመለሻውንም የምትከፍለው አንተ ነህ። ስለዚህ እዚያው እያለ ናሙና አስወስድ። አይዋ ውስጥ ኤምስ ከተማ ያለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ቀድሞ የተላከ ናሙና ይመረምራል። ነጻ ቢወጣም ሲደርስ እንደገና መመርመሩ አይቀርም፤ ግን ቢያንስ በጭፍን አትገዛም።

ሐኪሙንም ራስህ ምረጥ። የሻጩ ደንበኛ የሆነ ሐኪም አይሁን። የእግሩን ኤክስሬይ ተቀብለህ እዚህ ላለ ሐኪም አሳይ።

ጥያቄ፦ ባዝራ ይሻለኛል ወይስ የተኮላሸ ፈረስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመጋለብ ብቻ ከሆነ የተኮላሸውን ውሰጂ። የተኮላሸ ፈረስ የደም ውጤቱ ነጻ ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን ከኳራንቲን (ከበሽታ መቆጣጠሪያ ማቆያ) ይወጣል። ከሁለት ዓመት በላይ የሆናቸው ባዝራና ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ግን ሌላ ማቆያ ይጠብቃቸዋል። ምክንያቱ በእርባታ ጊዜ የሚተላለፍና ባዝራን ፅንስ እንዳትይዝ የሚያደርግ ተላላፊ የማህፀን በሽታ ነው። ባዝራ ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች። ድንጉላው ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ምክንያቱም ለምርመራ የተዘጋጁ ሁለት ባዝራዎችን መስረር አለበት፣ ከዚያም እነሱ ይመረመራሉ። የዚህ ሁሉ ሂሳብ የሚመጣው ለባለቤቱ ነው። ርካሽ ድንጉላ አገኘሁ ብላችሁ የምትደሰቱ ይህን ደምሩበት።

ጥያቄ፦ በአውሮፕላን ውስጥ ማደንዘዣ ይወጋል?

መልስ፦ በተለመደው አሠራር አይወጋም። ቆሞ ነው የሚጓዘው፣ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። የሚጫንበት ሳጥን እስከ ሦስት ፈረስ ጎን ለጎን ይይዛል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ከፈለግህ ዋጋው ይጨምራል። አብሮ የሚበር ጠባቂ ድርቆሽና ውሃ ይሰጠዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከበረራው በኋላ ያለው ነው። ፈረስ ሳንባውን የሚያጸዳው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው። ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ለሰዓታት ከታሰረ ሳንባው ሊያመረቅዝ ይችላል። ቤት ከገባ በኋላ ባሉት ቀናት ጧትና ማታ ትኩሳቱን ለካ። ከ38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ወይም መኖ ከተወ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ሐኪም ጥራ።

ጥያቄ፦ የፈረሱን ፓስፖርት (የመታወቂያ ደብተሩን) ከያዝኩ ፈረሱ የኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ለምሳሌ የባለቤትነት ወረቀቱ ከፓስፖርቱ የተለየ ነው። ሁለቱንም ተቀበል፤ ማይክሮቺፑም ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ አባቴ የአዊ ፈረሰኛ ነበር። ከአገር ቤት ፈረስ ማምጣት አልችልም?

መልስ፦ ምኞትህ ይገባኛል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባል ፈረስ ገዳይ በሽታ አለ። ከእንዲህ ያለ አገር የሚመጣ ፈረስ የሚገባው በኒውዮርክ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 60 ቀን ኳራንቲን ይቀመጣል። በ2020 በሽታው ታይላንድ ገብቶ ከ500 በላይ ፈረስ ስለፈጀ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። እኔ ብሆን ገንዘቡን እዚያው ላሉ ፈረሶች ሕክምና አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ ተቃራኒውስ? ከአውሮፓ ገዝቼ ቢሾፍቱ ብወስድስ?

መልስ፦ ይህን በጣም አስብበት። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፤ ከአውሮፓ የመጣ ፈረስ ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም። ቢሾፍቱ ክትባቱን የሚያመርት ተቋም ስላለ ፈረሱን ከመጫንህ በፊት ስለ ክትባቱ ጊዜ እዚያ ጠይቅ። ዝንቦቹ የሚበዙት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ መረብ ያለው ጋጣ ቀድመህ አሠራ። መልሼ አወጣዋለሁ ብለህ ግን አትውሰደው።