ከሁሉ በፊት የቁልፉን ቦታ ወስኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከባለቤትሽ፣ ከሁለት ልጆችሽና ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናትሽ ጋር እንደምትኖሪ፣ መሬት መንቀጥቀጡ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ ጽፈሽ «ምን ምን ገዝቼ ላስቀምጥ?» ብለሻል። እኔም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ፣ 3ኛ ፎቅ። በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

መስከረም 26 ቀን 2017 የተሰማው እሁድ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ስለነበር ሁላችንም አልተኛንም ነበር። ታኅሣሥ 26 ግን ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው የመጣው። አልጋው ሲወዛወዝ ባነንኩ። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል። ልጆቹን አንስተን እየሮጥን በሩ ጋ ደረስን። የእንጨቱ በር ተከፈተ። የብረቱ በር ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ የለም። ትንሹ ልጄ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ «እማዬ ክፈቺው» ይለኛል። ቁልፉ ባለቤቴ ማታ ያወለቀው ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር። ሱሪውን ደግሞ እኔው ራሴ የሚታጠብ ልብስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እስክናገኘው መሬቱ ረግቶ ነበር። ያቺ ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትሽ በፊት የቁልፉን ቦታ ወስኚ። እኛ ከበሩ አጠገብ ልጆቹ በሚደርሱበት ከፍታ ምስማር መታን። ማታ በሩን የቆለፈ ሰው እዚያ ሳይሰቅል አይተኛም። አንድ ቅጂ ጎረቤት ጋ አለ። ሁለተኛው ነገር ጫማ ነው። የእያንዳንዳችን ጫማ ራስጌያችን ሥር ያድራል፣ የተሰበረ መስታወት ላይ በባዶ እግር መሄድ አለና። ሦስተኛው የእጅ ባትሪ ነው። የስልክ መብራት አይበቃም፤ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ሊያድር ይችላል። የእኛ የእጅ ባትሪ በገመድ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል።

ሌላም ያጠፋነው ነገር አለ፤ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ መሮጥ አልነበረብንም። ብዙ ሰው የሚጎዳው ደረጃ ላይ ሲጋፋና ሲወድቅ ነው። በዚያ ሰዓት ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር መያዝ፣ አልጋ ላይ ከሆኑም ትራስ ራስ ላይ አድርጎ እዚያው መቆየት ይሻላል። ሲረጋ ጋዙን ዘግቶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ሳይሮጡ መውረድ ነው። ጋዝ አለመፍሰሱን ሳታረጋግጪ ሻማም ክብሪትም አትለኩሺ።

አሁን ቤትሽን ዞር ዞር ብለሽ እዪው። ራስሽ ላይ ምን ሊወድቅ ይችላል? የእኛ ቁምሳጥን አናት ላይ ሦስት ሻንጣ ተደርድሮ ነበር፣ ከሥሩ ልጆቹ ይተኛሉ። ለስንት ዓመት ሳናየው ኖረናል! ሻንጣዎቹን አወረድን፣ አልጋውን አዞርን፣ ቡፌውንና ቁምሳጥኑን በብረት ከግድግዳው ጋር አሳሰርን። ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ግዢው። ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር ውኃ ያዢ። አምስት ሰው ለሦስት ቀን ማለት 60 ሊትር ነው፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኑ መቼም ቤትሽ አይጠፋም፤ ብቻ ሦስቱን ለይተሽ አትንኪያቸው፣ ውኃ በመጣ ቁጥር ቀይሪው። ምግቡን አያቶቻችን ጨርሰውታል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ እሳት አይፈልግም። በውኃ በጥብጠሽ ጨው ወይም ስኳር ጣል ማድረግ ነው። ቆሎ ለእናትሽ ጥርስ ከከበደ በሶውን አብዢላቸው። መብራት ሲጠፋ ግን ከሰል ቤት ውስጥ አታንድጂ፣ በተለይ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት አደገኛ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝተው በዚያው የቀሩ አሉ።

ጥሬ ገንዘብም ያዢ፣ ዝርዝሩ ይብዛ። ኔትወርክ ከሄደ ቴሌብር አይሠራም። የእናትሽን መድኃኒት የአንድ ሳምንት ትርፍ፣ ስሙንና መጠኑን ከጻፍሽበት ወረቀት ጋር አስቀምጪ። የቤቱን ውል፣ የልጆቹን የልደት ካርድና ፋይዳችሁን ውኃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልያቸው። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፊ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ብትጠፋፉ ሁላችሁም የምትደውሉለት አንድ ዘመድ ከከተማ ውጭ ምረጡ።

ስለ ፍርሃትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የመንቀጥቀጡ መነሻ ፈንታሌና ዶፈን የተባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ነው። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከመሬት በታች ቅልጥ ዐለት ሲንቀሳቀስ ነው መሬቱ የሚናጠው። የካቲት 7 ቀን 2017 የተመዘገበው መጠኑ 6.0 ነበር፤ ለእኛ ግን ከርቀት ነው የደረሰን። እዚያው አፋር፣ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ወረዳ ያሉት ወገኖቻችን ናቸው በአሥር ሺህዎች ከቤታቸው የወጡት። ያም ሆኖ ዝም ብለን መተኛት የለብንም። በ1953 ማጀቴ ከተማን ያፈራረሰው፣ ካራቆሬንም ክፉኛ የጎዳው መሬት መንቀጥቀጥ ነው።

የእናትሽን ጉዳይ መጨረሻ ያደረግኩት በገንዘብ ስለማይፈታ ነው። እኛ እድር ስብሰባ ላይ አነሳነው። ከየብሎኩ ብቻቸውን መውረድ የማይችሉት ተመዘገቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጎረምሳ ከዚያው ደረጃ ተመደበ። ውጭ ማደር ቢመጣ የእድሩ ድንኳን አለ። የእቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር፣ አሁን በሦስት ሰው እጅ ሆኗል። አንቺም ዛሬ ማታ ከጎንሽ ያሉትን አንኳኪና እናትሽን በየትኛው ወንበር ተሸክመው እንደሚያወርዷቸው አሳዪያቸው፣ አንድ ጊዜም ሞክሩት። ጋቢያቸውን እዚያው ወንበሩ ላይ አኑሪው፣ የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ይበርዳል።