«ይሻላል» ወይስ «ያመቻል»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መጋዘን ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ከእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስተረጉም «ኤክስፒዲየንት» (expedient) የሚል ቃል አጋጠመኝ። የመጋዘኑ አስተዳደር የጻፈው ነው፤ ዕቃውን ለጊዜው ደጅ ማስቀመጡን «ኤክስፒዲየንት ሆኖ አግኝተነዋል» ይላል። መዝገበ ቃላቴ «ጠቃሚ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩት። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ይሄ ቃል እኮ ነቀፋ ነው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ያለው ነገር አለ፤ ለዚህ ደብዳቤ ግን አይሆንም። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ቅን ነው፦ ለታሰበው ጉዳይ የሚበጅ፣ በተግባር የሚያዋጣ። ሁለተኛው ነቀፋ ያዘለ ነው፦ ትክክል ይሁን አይሁን ሳይመዘን፣ ስላመቸ ብቻ የተመረጠ። ስለ ፖለቲከኞች በሚጻፍ ጽሑፍ ላይ ካዩት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ምንጩ ላቲን ነው፤ የታሰረ እግርን መፍታት ማለት ነበር። ማፋጠን የሚል ትርጉም ያለው «ኤክስፒዳይት» ከዚያው ግንድ ስለወጣ ሰዎች ያምታቱታል። ተጠንቀቁ፤ የእርስዎ ቃል ስለ ፍጥነት አይናገርም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የኛ ቋንቋ ይህን ሐሳብ በቅጽል ሳይሆን በግሥ መናገር ይወዳል። የሚጠቀመውንም ሰው ግሡ ላይ ይለጥፈዋል። ደሴ ገበያ በግ ይዞ የቆመ ገበሬ ዋጋ ሲሰበርበት «አያዋጣኝም» ነው የሚለው። «ጠቃሚ አይደለም» ሲል ሰምተው ያውቃሉ? ነጋዴውም በጉን በሐረጎ ቁልቁለት አውርዶ ኮምቦልቻ ሊሸጠው ያስብና የመኪናውን ኪራይ ሲያሰላ «ኧረ እዚሁ ይሻለኛል» ይላል። «ኝ» የምትለዋ ፊደል ጥቅሙ የማን እንደሆነ ነግራን አለፈች።

የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 በወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ኤክስፒዲየንት» ደጋግሞ ይመጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን አማርኛ ከጎኑ አድርገው ያንብቡ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን «እኔ እንድሄድ ይሻላችኋል» ይላቸዋል። እዚያው ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት «እንዲሻለን አታስቡም» ብሎ ይናገራል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ያንኑ ቃል ተጠቅሞ ጥቅሙ የማን እንደሆነ በተለየ ቃል ይጨምርበታል። አማርኛው ግን አንዱን «ለእናንተ»፣ ሌላውን «ለእኛ» ብሎ እዚያው ግሡ ላይ ለጠፈው። አንዱ ለሌላው ሲያስብ፣ ሌላው ለራሱ ወገን ሲያሰላ በአንድ ቅጥያ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ደግሞ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን አይጠቅምም» ይላል፤ እዚህ ተርጓሚዎቹ «ይጠቅማል»ን መረጡ። መዝገበ ቃላትዎ አልዋሸም ማለት ነው፤ ግሡን ትቶ ቅጽሉን ብቻ ሰጠዎት እንጂ።

ታዲያ ከግሦቹ የቱን ይምረጡ? «ያዋጣል» ሒሳብ አለበት፤ ወጪና ገቢ ሲነጻጸር ነው። «ይበጃል» ከሒሳብ አልፎ ለሰውየው ማሰብ አለበት። እናት ልጇን «ይሄ ጓደኛ አይበጅህም» ስትል ስለ ገንዘብ አይደለም የምታወራው። «አበጀህ!» ብለን የምናመሰግነውም ከዚሁ ግሥ ነው። «ይሻላል» ምርጫ ሲኖር፣ ከሁለት አንዱን ስናነሣ ነው። «ያመቻል» ስለ ቅለት ብቻ ይናገራል፤ ስለዚህ ለነቀፋው ፊት እሱን ይያዙለት፦ «ትክክሉን ትቶ የሚያመቸውን መረጠ»። ጠንከር ማለት ሲያስፈልግ «ለጊዜያዊ ጥቅም ሲል» ይበሉ። ስም ከሆነ የፈለጉት «ፋይዳ» አለልዎት፤ ከዓረብኛ የገባ ነው፣ ዲጂታል መታወቂያውም የተሰየመው በሱ ነው። ግን «ፋይዳ» ነቀፋውን አይሸከምም።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ። «ሆኖ አግኝተነዋል» የሚለው ራሱ ውሳኔውን የወሰነው ክፍል ነው። የራሱን ውሳኔ አይነቅፍም። ስለዚህ ቅኑ ፊት ነው፤ ምርጫ ስለነበረም «ይሻላል» ይስማማዋል፦ «ዕቃውን ለጊዜው ደጅ ማስቀመጡ የሚሻል ሆኖ አግኝተነዋል»። ይኸው ነገር ዕቃው ዝናብ የመታበት ደንበኛ በጻፈው አቤቱታ ላይ ቢመጣ ኖሮ ባልደረባዎ ልክ ይሆን ነበር፦ «ለእናንተ ስላመቻችሁ ብቻ ዕቃዬን ደጅ አስቀመጣችሁት»።

ቃሉ በስምነትም ይመጣል። ያኔ «መላ» ይበሉት፤ ለምሳሌ ጣሪያው እስኪጠገን ሸራ መወጠር «ለጊዜው የተበጀ መላ» ነው።