መልስ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ብድር ማራዘም ወይስ ካሽ መስጠት?

"ወረርሽኝ መጥቶ ስራ ሲቆም ቤተሰብን በዋናነት የሚጎዳው ምኑ ነው፣ መንግስትስ ብድር ቢያራዝም ይሻላል ወይስ ካሽ ቢሰጥ" ብለህ ለጠየቅከው ወንድም፣ ከላይ "ሁለቱም ያስፈልጋል" ብለው ያለፉ አሉ፣ አልተሳሳቱም ግን ምንም አላሉም። እኔ በኮቪድ ሰሞን አንድ አበዳሪ ተቋም ብድር ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ "ክፍያ ይራዘምልኝ" የሚለው ማመልከቻ ሁሉ በኔ ጠረጴዛ ነበር የሚያልፈው፣ ስለዚ ከዛ ወንበር ያየሁትን ልጻፍልህ፣ ይረዝማል ታገሱኝ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

አጭሩ መልሴ ካሽ ነው፣ ትንሽም ቢሆን ቶሎ የሚደርስ ካሽ። ብድር ማራዘም ጊዜ ይሰጣል እንጂ ገንዘብ አይሰጥም፣ ጊዜውም ራሱ ወለድ ይቆጥራል።

በመጀመሪያ "ገቢ በአማካይ ይሄን ያህል ቀነሰ" የሚለውን ነገር ለጊዜው ተዉት። የአለም የስራ ድርጅት በ2020 የአለም የስራ ሰአት 8.8 ፐርሰንት ቀንሷል፣ 255 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ስራ እንደማለት ነው ብሎ ነበር። ግን ሁሉም ሰው 8.8 ፐርሰንት አላጣም እኮ፣ አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፍቶ ደሞዙ ሳይነካ ቀጠለ፣ ሌላው ሱቁን የዘጋ ቀን ገቢው ዜሮ ገባ። አሜሪካን እዩ፣ ኤፕሪል 2020 ስራ አጥነት ወደ 15 ፐርሰንት ተጠጋ፣ በዛው ወር ደሞ ሰው ከገቢው ላይ የቆጠበው ከ30 ፐርሰንት በላይ ሆነ፣ መንግስት ለሰዉ የላከው የድጎማ ቼክም ተጨምሮበት ማለት ነው። አንድ አገር፣ አንድ ወር። እኛም ቢሮ ያው ነበር፣ በአንድ በኩል ክፍያ ያቃተው ተሰልፏል፣ በሌላ በኩል የቁጠባ ሂሳቡ በየወሩ የሚያብጥ ደንበኛ አለ፣ መውጫ የለማ፣ መውጫ ከሌለ ወጪም የለም።

ሌላው፣ ወረርሽኝ ከሌላ መከራ የሚለየው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምታቱ ነው። በደህናው ጊዜ አንዱ ስራ ሲያጣ ወንድሙ ያበድረዋል፣ እህቱ የልጆቹን ወጪ ትከፍልለታለች። በኮቪድ ግን ሊያበድርህ ይችል የነበረው ሰው ራሱ ያንተው ሰልፍ ላይ ቆሟል። ስለዚ ቤተሰብ ወደ ንብረቱ ይዞራል፣ አሸጣጡም ቅደም ተከተል አለው፣ ደጋግሜ ስላየሁት በቃ ፎርም እንደመሙላት ሆኖብኝ ነበር፣ መጀመሪያ ቁጠባ፣ ቀጥሎ ወርቅ፣ ከዛ ቲቪና ፍሪጅ ምናምን፣ መጨረሻ ላይ እንጀራ የሚወጣበት የስራ እቃ። እዚች መጨረሻዋ ላይ የደረሰ ቤተሰብ ወረርሽኙ ቢያልፍም እሱ አያልፍለትም። ለዚህ ነው ፍጥነት ላይ የማካብደው።

አንዷን ደንበኛ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሁለት የስፌት ማሽንና አንድ ኦቨርሎክ (የልብስ ጠርዝ የሚጨርስ ማሽን) ነበራት፣ ማመልከቻዋ ላይ "ምክንያት" በሚለው ቦታ የጻፈችው "ደንበኛ የለም" ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው አንድ ገጽ ሙሉ ሲያብራራ። ማራዘሚያው ይገባታል ብለን ወደ ላይ ላክነው፣ ላይ ደሞ መመሪያ እስኪመጣ ተብሎ ተቀመጠ፣ እስኪፈቀድ ድረስ ቅጣት እንዳይቆጠርባት ብላ ኦቨርሎኩን ሸጣ ከፈለች። በዛ ሰሞን ሁሉም ሻጭ ነው፣ ገዢ የለም፣ በስንት እንደሄደ ገምቱት። ትምህርት ቤት ሲከፈት የዩኒፎርም ትእዛዝ መጣላት፣ ጠርዙን የምትጨርስበት ማሽን ግን የለም፣ ለሌላ ሰፊ እየሰጠች ታስጨርሳለች፣ ትርፉ ወደዛ ይሄዳል። ማራዘሚያው በኋላ ተፈቅዷል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዛ ደሞ እፎይታው፣ ማለትም ክፍያ የተራዘመላት ጊዜ፣ ሲያልቅ መጥታ "ወንድሜ፣ ምንም ሳልበደር እዳዬ እንዴት ጨመረ?" አለችኝ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው፣ ተራዘመ ማለት ተሰረዘ ይመስለዋል። ቀላል ሂሳብ ነው፣ 100,000 ቀሪ እዳ አለብህ እንበል፣ ወለዱ በአመት 15 ፐርሰንት፣ 6 ወር ብታቆም 7,500 ወለድ ይቆጠራል፣ እሱ ዋናው ላይ ከተደመረ ከዛ በኋላ ወለድ የሚታሰበው በ107,500 ላይ ነው። ወይ ወርሃዊ ክፍያህ ያድጋል ወይ የብድሩ ዘመን ይረዝማል። ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፣ ግን በደቃቁ፣ ወደ ታች።

የሚገርመው አገሮችም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ቡድን 20 የሚባለው የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ ከሜይ 2020 እስከ 2021 መጨረሻ ለደሃ አገሮች የእዳ ክፍያ አራዝሞ ነበር፣ ብቁ ከተባሉት 73 አገሮች 48ቱ ገቡበት፣ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ክፍያ ተገፋ። ተገፋ ነው ያልኩት፣ አልተሰረዘም፣ ስሌቱም አበዳሪው እንዳይከስር ተደርጎ ነው የተሰራው። የግል አበዳሪዎች በፈቃዳችሁ ግቡ ተብለው ነበር፣ አልገቡም ማለት ይቻላል። ዛምቢያ በኖቬምበር 2020 የቦንድ ክፍያ አቅቷት አቆመች። እና መንግስት ራሱ "ክፍያ ይራዘምልኝ" ብሎ ተሰልፎ ለዜጋው ካሽ ከየት ያምጣ የሚለው ክርክር እውነት አለው፣ አልክድም።

ግን ገንዘብ ላላቸው መንግስታትም ቢሆን ዋናው ማነቆ ሊስት ነው፣ ማን እንደተጎዳና እንዴት እንደሚገኝ የሚያሳይ መዝገብ ማለቴ ነው። እንግሊዝ በፈርሎ ስኪም (ስራ ለቆመበት ሰራተኛ መንግስት ደሞዝ የሚሸፍንበት ፕሮግራም) ከደሞዝ 80 ፐርሰንቱን እስከ 2,500 ፓውንድ በወር ከፈለች፣ እስከ ሴፕቴምበር 2021፣ አሪፍ ነው፣ የሰራው ግን ሰዉ ቀድሞ ፔይሮል (የደሞዝ መዝገብ) ላይ ስለነበረ ነው። ፔይሮል የማያውቀው ሰራተኛስ? ህንድ በማርች 2020 በጥቂት ሰአታት ማስጠንቀቂያ ዘጋች፣ ከተማ ያለ ስራ የቀረው የቀን ሰራተኛ በእግሩ ወደ ክፍለ ሀገሩ ተመለሰ፣ የራሽን ካርዱም (የመንግስት ድጎማ እህል የሚወሰድበት ካርድ) የተመዘገበው እዛ ነዋ፣ ካርዱን የትም ይዞ መጠቀም ያኔ ገና በሁሉም ክልል አልተዘረጋም ነበር። በሌላ በኩል ቶጎን ውሰዱ፣ ሀብታም አይደለችም፣ በኤፕሪል 2020 ኖቪሲ የሚባል ፕሮግራም ከፈተች፣ የመራጮች መዝገብ ላይ የሰው ስራ ተጽፎ ስለነበር እሱን ተጠቅማ፣ በተራ ሞባይል ተመዝግበህ ገንዘቡ ስልክህ ላይ ይገባ ነበር፣ ለሴቶች ከወንዶች ትንሽ ከፍ ተደርጎ። ብራዚልም 600 ሪያል በወር፣ ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት እጥፍ፣ ወደ 68 ሚሊዮን ሰው ጋ ደረሰ፣ በዛ አመት ድህነት እዛ አገር ቀንሷል፣ በወረርሽኝ መሀል! ሲቆም ደሞ ተመለሰ።

አሜሪካም ያው፣ በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ ለልጅ በወር እስከ 300 ዶላር ሲከፈል የልጆች ድህነት (ድጎማውን በሚቆጥረው መለኪያ) ወደ 5.2 ፐርሰንት ወረደ፣ ፕሮግራሙ አልቆ በ2022 ወደ 12.4 ፐርሰንት ወጣ።

"ካሽ የዋጋ ንረት አመጣ" ለሚሉት፣ በከፊል ልክ ናችሁ። አሜሪካ ጁን 2022 9.1 ፐርሰንት ደርሳለች፣ የታተመው ገንዘብ ድርሻ አለው፣ ግን የኮንቴይነር መጨናነቅና የዩክሬን ጦርነት ያመጣው የነዳጅ ዋጋም አለበት፣ ምንም ቼክ ያልሰጡ አገሮችም ጋ ዋጋ ንሯል። የከፋው ግን ለንረቱ የተሰጠው መልስ ነው፣ የአሜሪካ ማእከላዊ ባንክ ወለድ ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ በጁላይ 2023 ከ5 ፐርሰንት በላይ ወጣ፣ ማራዘሚያ ላይ የነበረ ሰው ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነ እዛ ላይ ተደረበበት። በኔ እይታ ስህተቱ ካሽ መስጠት አልነበረም፣ ደሞዙ ያልተነካውም ሰው ጋ መድረሱ ነው፣ ያውም ሊስት ስለሌለ።

እንግዲህ ለራስህ ለጠየቅከው፣ ማራዘሚያ ሲሰጥህ ከመፈረምህ በፊት ሶስት ነገር በጽሁፍ አስመልስ፣ በእፎይታው ጊዜ ወለድ ይቆጠራል ወይ፣ የሚቆጠረው ዋናው ላይ ይደመራል ወይስ ለብቻው ይያዛል፣ የሚያድገው ወርሃዊው ነው ወይስ ዘመኑ። ወለዱን ብቻ እየከፈልክ ዋናውን ማቆየት ይፈቀዳል ወይ ብለህም ጠይቅ፣ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል ግን ካልጠየቅክ ማንም አይነግርህም። ማመልከቻውን ክፍያ ከመዝለልህ በፊት አስገባ፣ አንዴ ዘግይተህ ከተመዘገብክ ፋይልህ ሌላ ክምር ውስጥ ነው የሚገባው። መልስ እስኪመጣ እጅ ካጠረህ ደሞ ፍሪጁን ሽጥ እንጂ የስራ እቃህን አትንካ፣ ቅጣቱ ራሱ ማሽን መልሶ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ደምረህ እየው።